የባትሪያችን ኮባልት ከየት ይመጣል?

በስልካችንና በላፕቶፓችን ባትሪ ውስጥ ኮባልት የሚባል ብረት አለ። ባትሪው በትንሽ ቦታ ብዙ ጉልበት እንዲይዝ ይረዳዋል። በአንድ ስልክ ውስጥ ያለው ጥቂት ግራም ነው፤ ኮባልት በሚጠቀሙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ግን በኪሎ ይቆጠራል። ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ በተለይም ከኮልዌዚ ከተማ ዙሪያ ነው።

አብዛኛውን የሚያወጡት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። ቀሪውን ባህላዊ ማዕድን አውጪዎች በዶማና በአካፋ ይቆፍራሉ። ብዙዎቹ ጉድጓዶች ጠባብና ደጋፊ የሌላቸው ስለሆኑ ይናዳሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 በኮልዌዚ አካባቢ በአንድ ኩባንያ ይዞታ ውስጥ ገብተው ሲቆፍሩ የነበሩ ቢያንስ 43 ሰዎች አፈር ተጭኗቸው ሞተዋል።

በከተማዋ ካሱሎ የሚባል ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከቤቶቹ ሥር ማዕድን መኖሩ ሲታወቅ ነዋሪው ጓሮውን አልፎ የቤቱን ወለል ሳይቀር ይቆፍር ጀመር። የቤልጂየምና የሉቡምባሺ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት በነዋሪዎቹ ደምና ሽንት ውስጥ ያለው ኮባልት በአቅራቢያው ካለ ሌላ ሰፈር እጅግ የበለጠ ነበር። ከሁሉም የባሰው በልጆቹ ላይ ታየ። ቆፍረው አይደለም፤ አቧራው ውስጥ ስለሚኖሩ ነው።

ታዲያ ስልክ ሠሪው «የእኔ ንጹሕ ነው» ማለት ለምን ያቅተዋል? ቆፋሪው ጆንያውን ወደ ገዢዎች ይወስዳል። ገዢው በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ይዘቱን ለክቶ ዋጋ ይቆርጣል፤ መለኪያውም ገንዘቡም በእሱ እጅ ስለሆነ ክርክር አያዋጣም። ሕፃን ለቅሞ ያጠበው ማዕድንም፣ ጎልማሳ የቆፈረውም አንድ ክምር ላይ ይደፋል። ከዚያ ማጣሪያ ገብቶ ዱቄት ይሆንና በአብዛኛው ወደ ቻይና ይጫናል። እዚያ ሲደርስ የትኛው ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ መለየት አይቻልም።

ይህ መደባለቅ ለትልልቆቹ ገዢዎች መከለያ ሆኗል። በማዕድን ቁፋሮ የሞቱና የተጎዱ ልጆች ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2019 አፕልን፣ ጎግልን፣ ማይክሮሶፍትን፣ ዴልንና ቴስላን አሜሪካ ውስጥ ከሰሱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ኮባልት በረጅሙ የአቅርቦት ሰንሰለት መግዛት ብቻውን የጥፋቱ ተካፋይ አያደርግም ብሎ ክሱን ዘጋው።

የኮንጎን ኮባልት አንግዛ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ለቆፋሪው የዕለት እንጀራው ነው። ኮባልት የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎችም እየተስፋፉ ነው፤ ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ እዚህም እየተለመዱ ነው። ስልኮች ግን አሁንም በብዛት ኮባልቱን ይፈልጋሉ። በኮልዌዚ አቅራቢያ በሙቶሺ የተሞከረው መንገድ ይሻላል፦ የሥራ ቦታው ታጠረ፣ ሕፃናት እንዳይገቡ ተከለከለ፣ የላይኛውን አፈር ማሽን ያነሳ ነበር፣ ለቆፋሪዎችም መከላከያ ልብስ ተሰጠ። ኮቪድ ሲመጣ እ.ኤ.አ. በ2020 ተቋረጠ። እንደዚያ ያለ የሥራ ቦታ የሚጠይቀውን ወጪ መሸፈን ያለባቸው ከባትሪው የሚያተርፉት ኩባንያዎች ናቸው።