ክብሪቱና ነጯ ክኒን

ገበያ መሀል አንድ ሰው ድንገት ተዘርሮ ሲንፈራገጥ መጀመሪያ የሚፈለገው ክብሪት ነው። አምበርም ይሁን ቢቸና ወይም ሞጣ፣ አንዱ ኪሱን ይዳብሳል፣ ሌላው ወደ ሱቅ ይሮጣል። ክብሪቷ ትጫርና ጢሷ ከወደቀው ሰው አፍንጫ ሥር ይያዛል። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ሲቆም ሰዉ «ክብሪቱ መለሰው» እያለ ይበተናል። ምስጋናው ግን የክብሪቱ አይደለም። የሚጥል በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ አንፈራግጦ በራሱ ይለቃል፤ ክብሪት ተፈልጎ እስኪጫር ደግሞ ያው ጊዜ ያልፋል።

በዚያች አፍታ አንጎል ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? የነርቭ ሴሎች በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ይነጋገራሉ፤ እንደ ማኅሌት ግራና ቀኝ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። ሲጥል ግን ተራው ይፈርሳል፤ ብዙ ሴሎች በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ላይ መመዝገብ ከቻለ ወዲህ ይህ ጩኸት በወረቀት ላይ ይታያል።

መነሻው ብዙ ነው። ምጥ ሲረዝም የታፈነ ሕፃን፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል ላይ የወጣ ወባ፣ ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ወድቆ ጭንቅላትን መመታት፣ አንዳንዴም የዘር ውርስ። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ዋነኛ ተጠያቂ የሆነው የአሳማ ኮሶ ትል ነው፤ እንቁላሉ ወደ ሰው አፍ ከገባ እጩ አንጎል ውስጥ ይሰፍራል። አሳማ በማይበላበት ጎጃም ይህ መንገድ ጠባብ ነው። ጥሬ ሥጋ ወዳዱን የሚያስቸግረው የበሬው ኮሶ ደግሞ አንጎል ውስጥ አይገባም። 

በኢትዮጵያ የበሽታውን ልክ ያሳየው ሥራ የተሠራው ቡታጅራ ላይ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰው ቆጠሩ፤ 316 ሕመምተኞች ተገኙ፤ ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። በኋላ የወጣው ጥናታቸው በየዓመቱ ከ100,000 ሰው 64 አዲስ ታማሚ እንደሚኖር አመለከተ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ ትክክለኛውን መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ316ቱ አምስት ያህል! ከቀሩት ብዙዎቹ በጠበል፣ በሥራ ሥርና በክታብ ነበሩ።

መድኃኒቱ አዲስም ውድም አይደለም። ፊኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ፌኒቶይን በ1938 ተከተለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ከታከሙ ከመቶ እስከ 70 የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለሆነ፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለች እንደ አምበር ያለች ከተማ ሥራውን የሚሸከመው የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው።

የሚያስቸግረው መቀጠሉ ነው። ነጯ ክኒን፣ ፊኖባርቢታል፣ በየቀኑ ትዋጣለች፤ ሕመምተኛው ሁለት ወር ሳይጥለው ሲቀር «ድኛለሁ» ብሎ ይተዋታል፤ ወይም ጠበል ሲገባ ያቋርጣታል። ፊኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ ብሶ፣ ሳያባራ ሊጥል ይችላል፤ ያ ይገድላል። ጠበሉንም ክኒኑንም አብሮ መያዝ የሚከለክል ሕክምና የለም።

ሌላው ጠላት ምድጃው ነው። ወጥ ስታማስል ወይም እንጀራ ስትጋግር የጣላት ሴት እሳት ላይ ትወድቃለች፤ «ለሀጩ ይጋባል» ብሎ የሚፈራ ጎረቤት ደግሞ ለማንሣት ያመነታል። በሽታው በለሀጭም በትንፋሽም አይጋባም። ከእሳቱ ማራቅ፣ በጎን ማስተኛት፣ አንገትን የሚያንቀውን ነጠላ መፍታት፣ አፍ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አለመክተት፤ ከዚያ ሰዓት ማየት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ነው፣ ክብሪት ፍለጋ አይደለም።