ማመልከቻ ጸሐፊው አንገቱን ለምን ያመዋል?

እንቆቅልሽ ልንገራችሁ። ሮቢት ላይ ሁለት ጓደኛሞች ቀኑን ሙሉ ሠርተው ማታ ተገናኙ እንበል። አንዱ ማሽላ ሲያጭድ የዋለ ነው። ሌላው ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ኮምፒውተር ቤት ቁጭ ብሎ ማመልከቻ፣ ውልና ሲቪ ሲጽፍ የዋለ። ሁለቱም ደክሟቸዋል፤ አንገቱን እያሸ የሚያቃስተው ግን ጸሐፊው ነው። ከጣቱ በቀር ምኑን አንቀሳቅሶ?

መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ አለ፤ ምኑንም ስላላንቀሳቀሰ ነው። ጡንቻ ሲኮማተርና ሲላላ ደም ይዘዋወርበታል። ለሰዓታት ተወጥሮ ከቆየ ግን፣ ውጥረቱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ ደም እንደ ልብ አይደርሰውም፤ ይዝላል፣ ይቆረጥማል። አጫጁ ጎንበስ ቀና ይላል፣ ነዶ ይሸከማል። (የገበሬ ወገብ አይታመምም ማለቴ አይደለም፤ የሱ ሕመም ሌላ ወግ ነው።)

ነገሩ የኮምፒውተር ዘመን ፈጠራም አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈውና በ1713 እ.ኤ.አ. አስፋፍቶ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጸሐፊዎችን የሚያሳምማቸው መቀመጥ፣ እጅን ባንድ ዓይነት መንገድ ማመላለስና የአእምሮ ውጥረት ነው ብሏል። ብራናውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ዳዊት የሚገለብጠው የኛ ቁም ጸሐፊም ቢጠየቅ የሚከራከር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ኮምፒውተር ቤቱ እንግባ። ጠረጴዛው 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ወንበሯ ያቺ የምታውቋት ፕላስቲክ ናት፤ ከፍ ዝቅ አትልም። ክርን ከጠረጴዛው በታች ስለሚቀር ጸሐፊው ሳያውቀው ትከሻውን ሰቅሎ ይውላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍ መደረግ ያለበት መቀመጫው ነው፦ ክርን ከኪቦርዱ እኩል እስኪሆን ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ጋቢ ይነጠፍ። እግር ተንጠለጠለ? ብሎኬት ከሥሩ። ስክሪኑ ደግሞ የላይኛው ጠርዙ ከዓይን ትይዩ እንዲሆን የወረቀት እሽግ ላይ ይቀመጥ፤ ባለ 500 ቅጠሉ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ላፕቶፕ ላይ ይህ ብቻውን አይሠራም፤ ስክሪኑ ሲስተካከል ኪቦርዱ ሰማይ ይወጣል። ለብቻው ኪቦርድ መግዛት ነው።

በጣም የማይታየው ጠንቅ ግን ባለጉዳዩ በእጁ ጽፎ የሚያመጣው ወረቀት ነው። ጠረጴዛው ላይ በግራ በኩል ተዘርግቶ ይተኛል፤ ጸሐፊው በየመስመሩ አንገቱን ያዞራል፣ ይደፋል፣ ይመልሳል። ወረቀቱን ካርቶን ላይ ቆንጥጦ ከስክሪኑ ጎን ማቆም ምንም ወጪ የለውም።

አማርኛችንም ጣት ያደክማል። «ጠረጴዛ» አራት ፊደል ነው፤ በተለመዱት የግዕዝ መጻፊያዎች ግን ቢያንስ ስምንት ምት ይፈልጋል፤ ለጠ እና ለጴ ሺፍት መያዝም አለ። ሺፍቱን ሁልጊዜ የግራ ትንሿ ጣት ብቻ ከያዘችው ታማርራለች፤ ሁለቱን እጆች ማፈራረቅ ይረዳል።

እጅ ሲደነዝዝ ደግሞ የትኛው ጣት እንደሆነ ልብ በሉ፤ እኔ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። በእጅ አንጓ ላይ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጠጋግተው ያልፋሉ። ነርቩ ሲጨነቅ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ፤ ትንሿ ጣት ግን ደህና ናት። የደነዘዘችው ትንሿ ከሆነች ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ክርን ላይ ነው፤ ክርንን የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተጭኖ መዋል እንዲህ ያደርጋል።

ዓይንስ? ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን ማርገብገብ ይቀንሳል። ሮቢት ባለችበት የራያ ቆላ ሙቀት ላይ ፊት ለፊት የተደገነ ቬንትሌተር ሲጨመር ዓይን እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ነፋሱን ወደ ደረት ማዞር ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ጥሩ ነው፤ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም አንድ ሰው በሆነበት ሱቅ ማን ማንን ይከሳል? ለራሱ የሚያስበው ራሱ ነው። መብራት ሲጠፋ እረፍት ይገኛል እንዳይባል፣ ሲመጣ የተጠራቀመውን ሥራ በእጥፍ ፍጥነት ማካካስ አለ። ይልቅ በየግማሽ ሰዓቱ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ተነስቶ ባለጉዳይን ቆሞ ማነጋገር ይቀላል።

የእጅ ድንዛዜው ሌሊት ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰ እጅ የሚያስራግፍ ከሆነ ግን በስፖንጅና በብሎኬት አይታለፍም። ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ ነርቩ ለረጅም ጊዜ ከተጨነቀ የአውራ ጣት ሥር ሥጋ እየሟሸሸ ብዕር መያዝም ያዳግታል።