«እንዳንጠፋፋ» ከተባባልን በኋላ

ጋዋን ለብሶ ፎቶ ሲነሣ «እንዳንጠፋፋ!» ያላለ ተመራቂ የለም። በአንድ ዶርም ያደርን፣ በካፌ አብረን የተሰለፍን፣ በፌሎሺፕ አብረን የጸለይን ነበርና። ዛሬ በአገራችን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ጅማ ወይም ሐዋሳ አብረው የተማሩትን ሥራ፣ ትዳርና ስደት በየአቅጣጫው ይበትናቸዋል።

መራራቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። የሚጎዳው፣ አንዱ ሥራ ሲፈታ ወይም ትዳሩ ሲናወጥ የሚደውልለት ሰው ማጣቱ ነው። መቶ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ለ«እንኳን ደስ አላችሁ» ይበቃል፤ ሸክም ለማካፈል ግን አይመችም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 16 ከ20 በላይ ሰዎችን በስማቸው እየጠራ ሰላምታ ይልካል። ሰላምታው የሚጀምረው ከባልና ሚስት ነው፤ ከጵርስቅላና ከአቂላ። በቆሮንቶስ አብሯቸው ኖሯል፣ አብሯቸው ድንኳን ሰፍቷል። ከተራራቁም በኋላ የዋሉለትን ውለታ አልረሳም።

እኛስ? ከአብሮ አደጎቻችሁ ተመራቂዎች 3 ወይም 4 ሰው ምረጡ። በወር አንድ ቀን ቁረጡና ተደዋወሉ፤ የጸሎት ርእስ ተለዋወጡ። «ደኅና ነኝ» ሲላችሁ አትለፉት፤ ስለ ሥራውም ስለ ቤቱም ጠይቁት።

ባለትዳሮች ደግሞ የካምፓስ ወዳጃችሁን ለትዳር አጋራችሁ አስተዋውቁ። አንዳችሁ ብቻ የምታውቁት የድሮ ወዳጅ በቤት ውስጥ ጥርጣሬ ሊያስገባ ይችላል፤ ሁለታችሁም ማዕድ ያቀረባችሁለት ግን የቤተሰቡ ወንድም ይሆናል።

ታዲያ በዚህ ሳምንት ለማን ትደውላላችሁ?