ልቡ ለቆመ ጓደኛ ማን ይደርስለታል?

በኮሌጅ ግቢ አንድ ተማሪ በድንገት ሲወድቅ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወዲያው ሰው ይከበዋል፤ አንዱ ውሃ ይረጫል፤ ሌላው ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል፤ ሦስተኛው «አየር ስጡት!» እያለ ይጮኻል። የወደቀው ልቡ ቆሞ እንደሆነ ግን፥ ርዳታ ሳያገኝ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድሉ ከመቶ ከ7 እስከ 10 እጅ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። አንጎልም ደም ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ በኋላ መጎዳት ይጀምራል።

«የልብ በሽታ የሽማግሌ ነው፤ ተማሪን ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ የደረሱት ሁለት አደጋዎች መልስ ይሰጡታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 1990 የሎዮላ ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሀንክ ጋዘርስ፥ ገና በ23 ዓመቱ፥ በጨዋታ መካከል ወድቆ ሞተ። ሐምሌ 24 ቀን 2023 ደግሞ በዚያው ከተማ፥ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፥ የ18 ዓመቱ ብሮኒ ጀምስ በልምምድ ላይ ሳለ ልቡ ቆመ። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ሕክምና ሠራተኞች ፈጥነው ስለ ደረሱለት ድኖ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ወደ ሜዳ ተመለሰ። የሁለቱ ወጣቶች የልብ ጉድለት አንድ ስላልነበረ ማስተያየቱን ከዚህ አናስረዝመውም። ነገር ግን በስፖርተኛው አጠገብ ሠልጣኝ ሰው ይቆማል፤ በቤተ መጻሕፍት ወይም በመኝታ ክፍል ለሚወድቀው ተማሪ ያለው የጓደኞቹ እጅ ብቻ ነው።

ለእጅም ቢሆን ይህን ጥበብ ካስገኙት አንዱ ተማሪ ነበር። በባልቲሞር፥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፥ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ይማር የነበረው ጋይ ኒከርቦከር፥ በውሾች ላይ በሚደረግ ምርምር ከባዱን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ደረት ላይ ሲጫን የደም ግፊት ከፍ እንደሚል በ1958 አስተዋለ። ከዚያ በፊት የቆመ ልብ የሚታሸው ደረት ተቀዶ ነበር። ከፕሮፌሰር ኩወንሆቨንና ከዶክተር ጁድ ጋር በ1960 ባወጡት ጽሑፍ ግን፥ ከሁለት እጅ በቀር ሌላ እንደማያስፈልግ አስረዱ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የወደቀውን ትከሻውን መትቶ መጥራት፤ ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ አንዱ አምቡላንስ እንዲጠራ ስሙን ጠርቶ ማዘዝ፤ ከዚያ በደረቱ መካከል እጅን በእጅ ላይ አነባብሮ፥ ክንድን ሳያጥፉ፥ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ታች መጫንና መልቀቅ፤ በደቂቃም ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ብዙዎችን የሚያሳስተው የጣር ትንፋሽ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚያቃስተውን ሰው «ይተነፍሳል» ብለው ይተዉታል። በግቢው ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው ዲፊብሪሌተር ካለ አንድ ሰው ሮጦ ያምጣ፤ መሣሪያው ራሱ በድምፅ ይመራል።

በእኛ አስተያየት ግን ትልቁ ችግር አለማወቅ ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም ነው። «የጎድን አጥንቱን ብሰብረውስ?» ይባላል። ሊሰበር ይችላል፤ ነገር ግን አጥንት ይጠገናል። የወደቀችው ሴት ስትሆን ደግሞ ደረቷን መንካት ነውር የሚመስለው አለ፤ በይሉኝታ እኅቱን ሊያጣ ነው!

ዴንማርክ ትምህርቱን በ2005 በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ በ2006 ደግሞ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሁሉ ግዴታ አደረገች። ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ከቆመባቸው ሰዎች ከአላፊ አግዳሚ ርዳታ ያገኙት በ2001 ከመቶ 21 ነበሩ፤ በ2010 ወደ 45 ደረሱ። እስከ 30 ቀን በሕይወት የቆዩትም ከመቶ 3.5 ወደ 10.8 ከፍ አሉ።

የእኛ ኮሌጆች አዲስ ተማሪ በሚመዘግቡበት ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ቢመድቡ ወጪው አንድ አሻንጉሊትና አንድ አስተማሪ ነው። በአንድ መኝታ ክፍል አብረው የሚያድሩ ተማሪዎች አብረው ቢለማመዱ ይሻላል፤ መጫኑ ጉልበት ስለሚጨርስ በየ2 ደቂቃው ተራ መቀያየር የሚቻለው ያን ጊዜ ነውና።