ለቤት ውኃ የሚስማማውን የፕላስቲክ ቧንቧ ስለ መምረጥ

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ነገር ግን ምንጩ የጠራ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከምንጩ እስከ ቤቱ ያለው መንገድም ንጹሕ ሊሆን ይገባል። ቧንቧ ማለት የውኃ መንገድ ነውና፥ መንገዱ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ውኃው ይባክናል። ከዚህም የሚብሰው፥ ውኃው በተቋረጠ ጊዜ በስንጥቁ በኩል የጭቃና የእበት እድፍ ወደ ውስጥ ገብቶ፥ ውኃው በተመለሰ ጊዜ ከሚጠጣው ጋራ ወደ ቤት መድረሱ ነው። ስለዚህ ቧንቧን መምረጥ የቧንቧ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤናና የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ እንስራ ወይም ጀሪካን ተሸክማ ወደ ምንጭ ለምትመላለሰውም ልጅ የትምህርት ጊዜ ጉዳይ ነው።

በአዊ አገር፥ በጥርባ፥ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ዝናም ብዙ ስለ ሆነ ምንጭ አይታጣም። ምንጩ ከተራራው ጎን ሲፈልቅ መንደሩ ከታች በሆነበት ስፍራ፥ ውኃው ያለ ሞተር በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። ይህ ያለ ድካም የተገኘ ሀብት ነው። ሆኖም ቁልቁለት ኃይል አለውና፥ ይህን ኃይል ሳይገምት ቧንቧ የገዛ ሰው ገንዘቡንም ድካሙንም በአንድ ሌሊት ያጣል።

ስለ ብረት ቧንቧና ስለ ፕላስቲክ መምጣት

በአገራችን የቧንቧ ውኃ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ውኃን በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አስገባ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን የቤት ውኃ የሚሄደው በብረት ቧንቧ ነበር። ብረት ጽኑ ነው፤ ጠላቱ ግን ዝገት ነው። ዝገትን ለመከላከል በዚንክ ቢለበጥም፥ ልባጡ በጊዜ ብዛት ያልቃል። በአዊም መሬቱ በብዙ ስፍራ አሲዳማ ነው፤ ገበሬው በማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው ስለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ አሲዳማና እርጥብ አፈር የተቀበረ ብረት ፈጥኖ ይዝጋል።

ፕላስቲክ ግን አይዝግም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ሬጂናልድ ጊብሰንና ኤሪክ ፎሴት የተባሉ ኬሚስቶች በእንግሊዝ አገር ፖሊኤቲሊን የተባለውን ነገር አገኙ። በእነዚያው ዓመታት በጀርመን አገር ከፒቪሲ የተሠራ የውኃ ቧንቧ መዘርጋት ተጀመረ። በ1953 ዓ.ም. ጀርመናዊው ካርል ሲግለር ጠንካራውን ፖሊኤቲሊን፥ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣሊያዊው ጁሊዮ ናታ ፖሊፕሮፒሊንን ሠሩ፤ ስለዚህም ሥራቸው በ1963 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ዛሬ በገበያ የሚታዩት ኤችዲፒኢ፥ ፒቪሲና ፒፒአር የተባሉት ቧንቧዎች ከእነዚህ ከሦስቱ ነገሮች የመጡ ናቸው።

እንግዲህ ሦስቱም ፕላስቲክ ቢባሉም ጠባያቸው አንድ አይደለም። አንዱ የሚችለውን ሌላው አይችልም። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ አራት ነገሮችን ይመርምር፤ ይኸውም ውኃው ምን ያህል ግፊት አለው? ውኃው ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሙቅ? ቧንቧው የሚያርፈው በፀሐይ ነው ወይስ በአፈር ውስጥ? መገጣጠሚያውንስ የሚሠራው ማን ነው፥ በምንስ መሣሪያ? ዋጋው የሚጠየቀው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ግፊትን ስለ ማስላት

የውኃ ግፊት የሚለካው ባር በሚባል መለኪያ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ውኃው በቁመት 10 ሜትር በወረደ ቍጥር ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል። የቧንቧው ስፋትም ሆነ ርዝመት ይህን አይለውጠውም፤ የሚቈጠረው ከላይኛው የውኃ ፊት እስከ ታችኛው ቧንቧ ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻ ነው።

ለምሳሌ ምንጩ ከቤቱ 75 ሜትር ከፍ ያለ ይሁን። በቤቱ ያለው ግፊት 7 ባር ተኩል ይሆናል። በቧንቧው ላይ ፒኤን 6 ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ትርጓሜው ቧንቧው በ20 ዲግሪ ሙቀት 6 ባር ይችላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ቤት አይሆንም። ፒኤን 10 ግን 10 ባር ስለሚችል ይበቃል፤ ትርፍም ኃይል ይኖረዋል። ትርፍ የሚያስፈልገው ስለ ምንድር ነው ቢሉ፥ የሚሮጥ ውኃ በድንገት ሲዘጋ እንደ መዶሻ ቧንቧውን ስለሚመታው ነው። ደግሞም ግፊቱ የሚበረታው ውኃ በሚቀዳበት ጊዜ ሳይሆን፥ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ሰው በተኛበት ሌሊት ነው። በቀን ደኅና የመሰለው ቧንቧ በሌሊት የሚፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው።

የከፍታው ልዩነት ከ100 ሜትር የበለጠ እንደ ሆነ፥ በመንገዱ መካከል ግፊት የሚሰብር ክፍት ገንዳ መሥራት ይገባል። ውኃው በገንዳው ውስጥ አየር ስለሚያገኝ ግፊቱ ይጠፋና ከዚያ ወደ ታች እንደ አዲስ ይቈጠራል።

ከፍታውን ለመለካት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ግንበኞች እንደሚያደርጉት፥ ብርሃን በሚያሳልፍ ጠባብ ጎማ ውስጥ ውኃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፎች ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። በሁለቱ ጫፍ ያለው ውኃ ምንጊዜም እኩል ከፍታ አለውና፥ በየእርምጃው የታየውን ልዩነት በሜትር እየለኩ መደመር ይቻላል። ይህን ሥራ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋራ በአንድ ቀን ሊፈጽሙት ይችላሉ፤ ለሒሳብም ለተፈጥሮ ትምህርትም መልካም ልምምድ ነው።

ስለ ሦስቱ ዓይነቶች

1ኛ፤ ኤችዲፒኢ። ይህ ጥቁሩ፥ ብዙ ጊዜም ሰማያዊ መስመር ያለበት፥ በጥቅል የሚሸጠው ቧንቧ ነው። ጥቁር የሆነው ከጥላሸት ጋራ ስለ ተቀላቀለ ነው፤ ጥላሸቱም ከፀሐይ ይጠብቀዋል። ስለሚተጣጠፍ ከመሬቱ ወጣ ገባ ጋራ ይስማማል፤ ረዥም ስለ ሆነ መገጣጠሚያው ጥቂት ነው፤ ደጋ አገር ውርጭ ሲወርድ እንኳ ቶሎ አይሰነጠቅም። ስለዚህ ከምንጭ እስከ ግቢ፥ ከመንገድ እስከ ቆጣሪ በመሬት ውስጥ ለሚሄድ ቀዝቃዛ ውኃ ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። ቀጭኑ በእጅ በሚጠብቅ መገጣጠሚያ ይያያዛል፤ ወፍራሙ ግን በማቅለጫ ማሽን ይበየዳል። ሆኖም ከ40 ዲግሪ በላይ ለሞቀ ውኃ አልተሠራም። ናፍጣና ቤንዚን በሚፈስበት መሬትም ሊቀበር አይገባም፤ ሽታቸው በቧንቧው ግድግዳ ዘልቆ ወደ ውኃው ይገባልና።

2ኛ፤ ፒቪሲ። ይህ ደረቅና ቀጥ ያለ ነው፤ በማጣበቂያ ወይም በጎማ ቀለበት ይያያዛል። መገጣጠሙ ቀላል፥ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ለቀዝቃዛ ውኃ ይጠቅማል። ነገር ግን ሙቀት ይጎዳዋል፤ ውኃው ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የሚችለው ግፊት መቀነስ ይጀምራል፤ የፈላ ውኃ ቢያገኘው ይለሰልሳል። በፀሐይ ላይ ብዙ ጊዜ የቆየ እንደ ሆነም ይደርቅና በድንጋይ ሲመታ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው፥ ለፍሳሽ ማስወገጃ የተሠራውን ስስ ፒቪሲ ለሚጠጣ ውኃ አለመጠቀም ነው። የፍሳሹ ቧንቧ ግፊትን እንዲችል አልተሠራም፤ ለመጠጥም አልተመረመረም። ቀድሞ በብዙ አገር ፒቪሲ ሲሠራ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ይቀላቀልበት ነበርና፥ ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደ መሆኑ የተጻፈበትን ብቻ መግዛት ይገባል።

3ኛ፤ ፒፒአር። ይህ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ነጭ ነው፤ በቤት ውስጥ፥ በግድግዳ መካከል፥ ለቀዝቃዛም ለሙቅም ውኃ ይሆናል። ቧንቧውና መገጣጠሚያው በ260 ዲግሪ በጋለ መሣሪያ ለጥቂት ሰኮንድ ሞቀው፥ ከዚያ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ አንድ አካል ይሆናሉ። ለ20 ሚሊሜትሩ ቧንቧ የማሞቂያው ጊዜ 5 ሰኮንድ፥ ለ25ቱ 7 ሰኮንድ ነው። ጊዜው ያነሰ እንደ ሆነ አይያያዝም፤ የበዛ እንደ ሆነ የቀለጠው ፕላስቲክ የውስጡን ቀዳዳ ይዘጋዋል። ስለዚህ መሣሪያውና የለመደ እጅ በሌለበት ስፍራ ፒፒአርን መግዛት አይጠቅምም። በውርጭም ጊዜ ስለሚደርቅ ከመጣልና ከመመታት ይጠበቅ፤ ከቤት ውጭም ከፀሐይ ይሸፈን።

ለሙቅ ውኃ የሚገዛው ፒፒአር ፒኤን 20 ሊሆን ይገባዋል። 20 ባር ለምን አስፈለገ ቢባል፥ ያ ቍጥር የተሰጠው ለ20 ዲግሪ ውኃ ስለ ሆነ ነው፤ ውኃው 70 ዲግሪ ሲደርስ ቧንቧው ለረዥም ዘመን የሚችለው ግፊት ወደ ሲሶው ገደማ ይወርዳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ደጋ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ነገር ግን ይህ እንኳ ፒቪሲን ለማለስለስ ይበቃል። እንግዲህ ቦይለር ወይም የፀሐይ ማሞቂያ ያለው ቤት ከማሞቂያው ጀምሮ ፒፒአርን ይጠቀም።

ባጭሩ፥ ከግቢ ውጭ በመሬት ውስጥ ኤችዲፒኢ፥ በቤት ውስጥ ፒፒአር፥ ለቀዝቃዛ ውኃ ብቻና ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ፒቪሲ ይሁን።

በገበያ ውስጥ ስለ መለየት

ቀለም ብቻ ምስክር አይሆንም፤ ፋብሪካው የወደደውን ቀለም ሊቀባ ይችላልና። ምስክሩ በቧንቧው ላይ የታተመው ጽሕፈት ነው። ለምሳሌ፥ ፒኢ 100፥ 32 × 2.0፥ ፒኤን 10 የሚል ቢገኝ፥ የፖሊኤቲሊኑ ማዕረግ 100፥ የውጩ ስፋት 32 ሚሊሜትር፥ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊሜትር፥ የሚችለው ግፊት 10 ባር ነው ማለት ነው። ከዚህም ጋራ የደረጃው ቍጥር ይታያል፤ እርሱም ለፖሊኤቲሊን አይ.ኤስ.ኦ. 4427፥ ለፒቪሲ 1452፥ ለፒፒአር 15874 ነው። ጽሕፈት የሌለበትን ቧንቧ ርካሽ ነው ብሎ መግዛት ማንነቱን ያላወቁትን ሰው ዋስ እንደ መጥራት ነው።

የተጻፈው ስፋት የውጩ መሆኑንም ማስተዋል ይገባል። የ20 ሚሊሜትር ፒኤን 20 ፒፒአር ግድግዳው 3.4 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፥ የውስጡ ቀዳዳ 13.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ለብዙ ክፍል የሚያከፋፍለው ዋናው ቧንቧ 25 ወይም 32 ይሁን፤ 20ው ለአንድ ለአንድ መቅጃ ይበቃል።

መምህራን በክፍል ሊያሳዩት የሚችሉት ቀላል ፈተናም አለ። ከየቧንቧው ትንሽ ቍራጭ ቈርጦ በውኃ ውስጥ መጣል ነው። ኤችዲፒኢና ፒፒአር ከውኃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ፤ ፒቪሲ ግን ስለሚከብድ ይሰጥማል። በእሳት መፈተን ግን አይገባም፤ የፒቪሲ ጢስ መርዛም ነውና።

ስለ አቀባበር

መልካም ቧንቧም በክፉ አቀባበር ይበላሻል። ጉድጓዱ በግቢ ውስጥ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር፥ መኪናና ጋሪ በሚያልፍበት ስፍራ እስከ 1 ሜትር ይጠልቅ። ከሥሩ ድንጋይ ተለቅሞ አሸዋ ወይም የላመ አፈር ይነጠፍ። ፕላስቲክ በሙቀት ይረዝማል፥ በቅዝቃዜ ያጥራል፤ 10 ሜትር ፒፒአር በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 6 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ጥቁሩ ቧንቧ በጉድጓዱ ውስጥ ተወጥሮ ሳይሆን ጥቂት ጠመዝመዝ ብሎ ይተኛ። ሲታጠፍም ከስፋቱ 25 እጥፍ ባላነሰ ክብ ይታጠፍ፤ የ32 ሚሊሜትሩ ከ80 ሳንቲሜትር ባነሰ ክብ አይታጠፍ።

በአዊ ዲከረንስ የተባለው ግራር እየተተከለ ከሰል የሚከሰልበት ስፍራ ብዙ ነው። የከሰሉ ክምር እሳት መሬቱን ስለሚያግል፥ ቧንቧው ከሚከሰልበት ስፍራ ርቆ ይለፍ፤ ያለፈበትም መስመር በድንጋይ ምልክት ይታወቅ። በመጨረሻም አፈር ከመመለሱ በፊት ቧንቧው በውኃ ተሞልቶ፥ ከሥራው ግፊት አንድ ጊዜ ተኩል በሚሆን ግፊት ይፈተን። ያፈሰሰው መገጣጠሚያ በዚያን ጊዜ ቢገኝ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከተቀበረ በኋላ ግን የአንድ ሳምንት ቁፋሮ ነው።

የመንደር ሽማግሌዎች የሕዝቡ መዋጮ በእጃቸው ስለሚገባ፥ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የከፍታውን ልክ፥ የግፊቱን ቍጥር፥ የቧንቧውን ዓይነትና ስፋት በወረቀት አስጽፈው ይያዙ፤ ነጋዴው ያቀረበውንም ከዚያ ጽሕፈት ጋራ ያስተያዩ። መምህራንም ስሌቱን ለልጆች ያስተምሩ። ቧንቧ በደኅና ተመርጦ በደኅና የተቀበረ እንደ ሆነ ለ50 ዓመት እንዲያገለግል ይታሰባል፤ ስለዚህ ዛሬ ሒሳቡን የሚማረው ልጅ በሽምግልናው ከዚያው ቧንቧ ሊጠጣ ይችላል።