አውጥቶ መላሹ ኩላሊት

ኩላሊት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቆሻሻ ማጣራቱን ነው። እውነት ነው፣ ያጣራል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ካጣራ በኋላ የሚሠራው ነው። ከጀርባ አጥንት ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ይለያሉ። የአንድ ጎልማሳ የደሙ ፈሳሽ ክፍል 3 ሊትር ገደማ ነውና ያው ፈሳሽ በቀን 60 ጊዜ ያህል ይጣራል ማለት ነው። ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ሊትር ተኩል ቢሆን ነው። ሌላው ሁሉ ወደ ደም ይመለሳል።

ሥራው የሚሠራው በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ባሉት አንድ ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮኖች ነው። ኔፍሮን ጫፉ ላይ የደም ሥር ቋጠሮ ያለበት ቀጭን ቱቦ ነው። ቋጠሮው የደም ሴልንና ፕሮቲንን አስቀርቶ ውኃውንም፣ ጨውንም፣ ስኳሩንም ሳይመርጥ ያሳልፋል፤ መመለሱ የቱቦው ፋንታ ነው። ሁለት ሦስተኛው ውኃ ገና በመጀመሪያው ክፍል ይመለሳል፣ ጠማንም አልጠማንም።

ጥማችን የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ ሽንት ሰብሳቢው ቱቦ ዘንድ ነው። ይህ ቱቦ የሚያልፍበት የኩላሊት ውስጠኛ ክፍል ጨውና ዩሪያ የተባለው ቆሻሻ ስለሚከማችበት ክምችቱ ከደም እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። ውኃ ደግሞ ክምችቱ ወደበዛበት ይሳባል፤ የሚያግደው የቱቦው ግድግዳ ብቻ ነው። የደማችን ጨዋማነት በመቶ አንድ ወይም ሁለት እንኳ ከፍ ሲል አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ይነቃል፣ ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞንም ይለቀቃል። ሆርሞኑ ኩላሊት ሲደርስ በሴሎቹ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት፣ አኳፖሪን የተባሉት የውኃ መተላለፊያዎች ወደ ግድግዳው ወጥተው ለውኃው መንገድ ይከፍታሉ። አሜሪካዊው ፒተር አግሬ እነዚህን የውኃ መተላለፊያዎች በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ከስቅለት እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ ሳይቀምስ የሚያከፍል ሰው ሽንቱ የሚያንሰውና የሚጠቁረው በዚህ የተነሣ ነው። ቢሆንም ኩላሊት ሽንትን ጨርሶ አያቆምም፤ ቆሻሻውን ለማስወጣት ብቻ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። የጎደለውን የሚተካው መጠጣት እንጂ ኩላሊት አይደለም። ጠጅ ያበዛ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ሲነጋም ይጠማዋል፤ አልኮል ቫሶፕሬሲንን ስለሚያፍነው ነው። ሆርሞኑ በሕመም ምክንያት ጨርሶ የጠፋበት ሰው በቀን ከ10 ሊትር በላይ ሊሸና ይችላል።

ዕድሜ ሲገፋ ሁለቱም ይደክማሉ፦ ኩላሊት ውኃ የመቆጠብ አቅሙ ይቀንሳል፣ የጥም ስሜትም ይደበዝዛል። ስለዚህ ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው ታሞ ሐኪም ውኃ የመጠነላቸው ካልሆኑ በቀር፣ አረጋውያን ወላጆቻችን «ጠማኝ» እስኪሉ ሳንጠብቅ ውኃ እናቅርብላቸው፤ በተለይ በሙቀት ወራትና ተቅማጥ ሲይዛቸው።