ያውቁ ኖሯል? በክንፉ የሚዘፍን ወፍ

በአፍሪካ ሐሩራማ ደኖች የሚኖሩት የስሚዞርኒስ ወገን ወፎች ዋነኛ ዜማቸውን የሚያሰሙት በጉሮሯቸው ሳይሆን በክንፋቸው እንደሆነ ያውቁ ኖሯል?

ከእነዚህ አንዱ የሆነውና 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ባለ ሰፊ ምንቃር ወፍ ጎህ ሲቀድ ወይም አመሻሽ ላይ ካረፈባት ቅርንጫፍ ብድግ ይላል። በአየር ላይ ጠባብ ክብ ይሠራና ተመልሶ እዚያችው ላይ ያርፋል። በዚያች አፍታ የጀርባውን ነጭ ላባ ነስንሶ፣ የድሮ መኪና ጥሩምባ የሚመስል «ብርርርት» የሚል ኃይለኛ ድምፅ ያሰማል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንቅስቃሴውን በፈጣን ካሜራ ቀርጾ እንዳሳየው፣ ድምፁ የሚወጣው ክንፉ ወደ ታች ሲመታ ነው፤ አየሩ የክንፉን ረጃጅም ላባዎች ያርገበግባቸዋል። ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ በላባቸው ድምፅ የሚያወጡ ሌሎች ብዙ ወፎች ለዚሁ የተበጀ ልዩ ላባ ሲኖራቸው የእነዚህ ላባ ግን ከተራ የበረራ ላባ አለመለየቱ ነው።

በወገኑ ውስጥ 3 ዝርያዎች አሉ። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1850 ያወጣው የአእዋፍ አጥኚው ቦናፓርት ሲሆን፣ መታሰቢያነቱም በደቡብ አፍሪካ ብዙ እንስሳትን ላጠናው ስኮትላንዳዊ ሐኪም አንድሩ ስሚዝ ነው።

የወፎቹ ምግብ በዋናነት ነፍሳት ነው፤ ዝም ብለው ተቀምጠው ይጠብቁና ተወርውረው ይለቅሟቸዋል። ጎጇቸው ከዝቅተኛ ቅርንጫፍ የሚንጠለጠል ከረጢት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎነጉኑት ፀጉር በሚመስሉ ጥቋቁር የፈንገስ ክሮች ሲሆን፣ ከሥሩም ዝርክርክ ያለ ጭራ ይተዉለታል።